የሁሩሙ ቢጫ ሩዝ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መቱ ላይ ሸኙኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ። ከዚያ አንድ ወጣት ኃላፊ ማይክ ይዞ ተነሣና፣ «ሲስተር ዘይነባ ዕድሜ ልካቸውን ሩዝን ሲዋጉ የኖሩ ጀግና ናቸው!» አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። የሚጨበጨብለት ሰው ፈገግ ማለት ስላለበት እኔም ፈገግ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን ሳጣጥፍ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ወላሂ፣ እኔ ከሩዝ ጋር ጠብ ኖሮኝ አያውቅም። ሰው ባልሠራው ጀግንነት ሲመሰገን ዝም ካለ ይለምድበታል፤ ሳይለምድብኝ ነገሩ እንዴት እንደነበረ ልጻፈው አልኩ።

ቤተሰቦቼ ከወሎ በሠፈራ የመጡ ናቸው። ስንመጣ እኔ ደርሻለሁ፤ የተቋረጠውን ትምህርቴን መቱ ጨረስኩ፣ ነርስነት ተማርኩ፣ ኦሮምኛውን ደግሞ ገበያ አስተማረኝ። ስለ ደሞዝ ብዙ አልልም። ደሞዛችን ከወር ወር አይደርስም ነበር፤ ሪፖርታችን ግን ሁልጊዜ ይደርሳል።

መጀመሪያ የተመደብኩት ከመቱ ወዲያ ባለችው ቡሬ፣ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ የተቀበሉኝ ሲስተር ጫልቱ የቡሬ ተወላጅ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት። እትዬ ጫልቱ እላቸው ነበር። መጀመሪያ ቀን የነገሩኝ ነገር ቢኖር፣ «ያልቀመስሽውን ምግብ አትምከሪ» የሚል ብቻ ነው።

በጋውናቸው ኪስ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለች አንድ ማንኪያ ነበረቻቸው። እናት የልጇን ምግብ ይዛ ስትመጣ ማንኪያዋን በፈላ ውሃ ያጥቧትና ከሳህኑ ይዘግናሉ፤ ከዚያ ዘቅዘቅ ያደርጓታል። ምግቡ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ቀጠነ ይላሉ፤ ማንኪያዋ ላይ ያዝ ካደረገ ደህና ነው ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። የሕፃኑን ጡጫ ይዘው ያሳዩኛል። «ሆዱ ይቺን ነው የሚያክለው። ውሃ ከሞላሽው ምግቡ የት ይገባል?» በመጨረሻ የራሳቸውን መዳፍ ከልጁ መዳፍ አጠገብ ዘርግተው ያስተያያሉ። ደም ያነሰው ልጅ መዳፉ ይነጣል። ላቦራቶሪው ርቆ ወይም መብራት ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ ሁሉ ላቦራቶሪያችን የእትዬ ጫልቱ መዳፍ ነበር።

ወላጅን ማዋረድ አያውቁም ነበር። አንድ ቀን አንድ አባት ሕፃን ታቅፎ፣ ሳህን ይዞ መጣ። «ልጄ ምግብ አልበላም አለ» ይላል። እትዬ ጫልቱ ቀመሱና ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሚጥሚጣ ነው።

«ለምን ጨመርህበት?»

«ጣዕም ከሌለውማ ማን ይበላል፣ ሲስተር?»

«ልክ ነህ» አሉት እንባቸውን እየጠረጉ። «ጥርስ እስኪያወጣ ግን ታገሠው።»

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ከመጋረጃ ጀርባ ገባሁ። ሰውየው ግን ተመክሮ፣ ተከብሮ ሄደ፤ በሳምንቱም ተመልሶ መጣ። የተሰደበ ሰው አይመለስም። ይህን በኋላ ነው የተረዳሁት።

አንድ ልማዳቸው ግን አይገባኝም ነበር። የልጅ ምግብ ጉዳይ ሲነሣ ሁልጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፤ ማን ያበስላል፣ ማን ያጎርሳል፣ ትርፉን ማን ይበላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እኔም እጠይቃለሁ። ሦስተኛውን ግን የአሮጊት ወሬ አድርጌ ተውኩት።

ከዓመታት በኋላ መቱ አጠገብ ወዳለችው ሁሩሙ ጤና ጣቢያ ተዛወርኩ። ሩዝ ሞገስ ያገኘበት ዘመን ነበር። ድሮ ሩዝ የበዓልና የሰርግ እንግዳ ነበር፤ አሁን ከቆላው ሠፈራም፣ ከአዲስ አበባም በኩንታል ይገባ ጀመር። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ድንጋይ የማይለቀምበት። ለሕፃን ደግሞ ከሱ በላይ የለም ተባለ። ሁለት እናቶች ገበያ ላይ ሲገናኙ፣ «ሩዝ ጀመረ?» ይባባላሉ። ያልጀመረ ልጅ እናት ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች።

ሩዝ ለሕፃን መጥፎ ነው ብዬ አላውቅም። ለስላሳ ነው፣ ሆድ አይነፋም፣ ጉሮሮ አይከረክርም፣ ኃይል ይሰጣል። ምግብ ለሚለማመድ ልጅ ጥሩ ጅምር ነው። ችግሩ፣ ተፈትጎ ሲነጣ ገለባው ብቻውን አይሄድም፤ ከጥቅሙ ብዙው አብሮት ይሄዳል። አካል የሚገነባው ነገር ያንሰዋል፣ ደም የሚሆነው ብረት ከሞላ ጎደል የለበትም። ሕፃን ደግሞ ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣው ብረት ግማሽ ዓመት ገደማ ሲሞላው ማለቅ ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ ከምግብ ማግኘት አለበት። ፋብሪካ የሚያዘጋጀው የሕፃን ሩዝ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ይጨመርበታል። የሁሩሙው የሕፃን ሩዝ ግን የፋብሪካ አልነበረም። የገመቹ ነበር።

ገመቹ ቡናና ማር የሚነግድ፣ ገበያው መሐል ሱቅ ያለው፣ ከኔ በዕድሜ ጥቂት የሚያንስ ደግ ሰው ነው። ሩዝ ወፍጮ ቤት ያስፈጫል፣ በላስቲክ ያሽጋል፣ ላዩ ላይ «የሕፃን ሩዝ» ብሎ በእስክሪብቶ ይጽፋል። አላጭበረበረም፤ ከልቡ ያምንበት ነበር። ሚስቱ አስቴር ብዙ ዓመት ልጅ አጥታ፣ የሐኪም ቤት ደጅም የጠበል ደጅም ጠንታ የወለደችለትን ልጅ ያሳደገው በዚያው ዱቄት ነው። ልጁን ሚልኬሳ አሉት። ሚልኬሳ ወፈረ። ጉንጩ ዓይኑን ሸፈነው። አንገቱ የት እንደገባ አይታወቅም። ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ያይና ወደ ገመቹ ሱቅ ይሄዳል።

ያን ጊዜ አለቃችን ተሾመ የሚባል ባነር የሚወድ ወጣት ነበር። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባነሩ ይታዘዛል። ከከተማው ኮሚቴ ጋር መከረና በጤና ቀን የሕፃናት ውድድር ይደረግ ተባለ። ዳኛው ሚዛን ነው፤ የከበደ ያሸንፋል። «ክብደት ብቻውን ጤና አይደለም» ብል፣ «ሲስተር፣ ሕዝቡ የሚገባው ነገር ነው የሚያስፈልገን» አለኝ። ሽልማቱን አንድ በጎ ፈቃደኛ ነጋዴ ቻለ፤ ግማሽ ኩንታል ሩዝ። በጎ ፈቃደኛው ገመቹ ነው።

ገበያ ቀን ነበር። የገጠሩም የከተማውም ሰው ሜዳው ላይ ሞላ። ሚዛናችን እንደ አምፖል የሚንጠለጠል፣ ሕፃን የሚገባበት የጨርቅ ሱሪ ያለው ዓይነት ነው። ሌሎቹ ሕፃናት ተራ በተራ ገብተው አለቀሱና ወጡ። ሚልኬሳ ሲገባ ግን ሱሪው ቀጭ አለ። እኔ ከሥር በሁለት እጄ ያዝኩት። ሕዝቡ አጨበጨበ። ተሾመ ቁጥሩን ሳያነብ «አንደኛ!» ብሎ ጮኸ። ገመቹ ራሱ የሰጠውን ሩዝ ራሱ ተሸክሞ ፎቶ ተነሣ።

ተሾመ ንግግር ሲጀምር ልጁን አያቱ መሬት ላይ አስቀመጡት። አያቱ አዴ ዲንቄ የገመቹ እናት ናቸው፤ አዴ በኦሮምኛ እመት እንደማለት ነው፤ ቤቱን የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ሚልኬሳ ግራ ቀኙን አየ፣ አፈሩን ጫረ፣ አንድ ጭብጥ አነሣና አፉ ውስጥ ከተተ። ከዚያ አኘከ። ሕፃን ሁሉ ያገኘውን አፉ ውስጥ ይከታል፤ ይሄኛው ግን ምሳውን እንደሚበላ ሰው አጣጥሞ ነው የሚበላው። ጨርሶ ደግሞ ሌላ ጫረ።

«ኧረ አፈር በላ!» አለች አንዷ።

«ተዉት!» አሉ አዴ ዲንቄ በኩራት። «ቤትም ግድግዳውን ይልሳል። መሬት የሚበላ ልጅ መሬት ይገዛል። አባ ለፋ ነው የኔ ልጅ!»

ባለ መሬት ማለታቸው ነው። ሕዝቡ ተቀበላቸው፤ «አባ ለፋ! አባ ለፋ!» ሜዳው በሳቅ ተናጋ። እኔ ቁጢጥ አልኩና አፈሩን ከእጁ አራገፍኩ፤ መዳፌን ከመዳፉ አጠገብ ዘረጋሁ። የልጁ መዳፍ ሩዝ መስሏል። ከንፈሩን ገለጥ አደረግሁ፤ እሱም ነጭ። ደም ያነሰው ልጅ አፈር ያምረዋል፤ ሰውነቱ የጎደለውን ብረት መሬት ላይ እንደሚፈልግ ነው የሚመስለው። ሳቄ እዚያው ደረቀ።

ተሾመን ወደ ጎን ጠራሁት። «ይሄ ልጅ ደም አንሶታል።»

«የትኛው ልጅ?»

«የሸለምነው።»

«ሲስተር! አሁን ፎቶ ተነሣን እኮ!» ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። «እሺ፣ ሁለተኛዋን አንደኛ ብናደርጋትስ?»

«ሁለተኛዋ ተቅማጥ ይዟታል።»

«በቃ፣ ዛሬ ማንንም አትመርምሪብኝ» አለና ወደ ማይኩ ተመለሰ።

በማግስቱ ገመቹ ቤት ሄድኩ። ነገሩን ስነግረው ከወንበሩ ተነሣ።

«የመዘናችሁት በማን ሚዛን ነው፣ ሲስተር? በኔ ሚዛን ነው? በሱቄ ሚዛን ነው?»

«በኛ ነው።»

«ታዲያ ውሸታሙ ማን ነው፣ ሚዛናችሁ ነው ወይስ እርስዎ?»

«ሚዛን ክብደት ነው የሚያውቀው፣ ደም አያውቅም። ና፣ መዳፍህን አምጣ።»

እምቢ ሊል ነበር፤ አስቴር ግን ቀድማ የራሷን መዳፍ ከልጇ መዳፍ ጎን ዘረጋች። ገመቹ አየ። የራሱንም ጨመረ። ሦስቱን መዳፎች እያፈራረቀ ሲያይ ቆየና ቁጭ አለ። «ምን እናድርግ?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ያንን ጥያቄ ለመመለስ ነበር የተማርኩት። አስቴርን ጓዳ አስገብቼ የምጥን ዱቄት አሠራር አሳየኋት። ሩዙ አይቅር፤ ከሱ ጋር አተርና ቦሎቄ ይግባ። ቦሎቄው ውሃ ውስጥ አድሮ፣ ደርቆ፣ በለስላሳ እሳት ይታመሳል፤ ሽታው እስኪያውድ ነው እንጂ እስኪያር አይደለም፤ ያረ እንደሆነ ልጁ ይተፋዋል። ከዚያ ይከካል፣ ልጣጩ ይበጠራል፣ ሆድ የሚነፋው እሱ ነው። ተፈጭቶ ሲያልቅ ቡናማ ይላል፤ ይሄ ጤናው ነው እንዳትደነግጪ አልኳት። ደም የሚሞላ ሽሮፕም ሰጠኋት፤ «ሰገራው ይጠቁራል፣ ምንም አይደለም» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። እሷም ሁሉንም ደገመችልኝ። አዴ ዲንቄ ደጅ ነበሩ፤ ዶሮዎቻቸውን ይጠራሉ።

ሳምንታት አለፉ። በሄድኩ ቁጥር አስቴር፣ «በማርያም፣ ሲስተር፣ አንድ ቀን አላጓደልኩም» ትለኛለች። እውነቷን እንደሆነ ፊቷ ላይ ይታያል። ልጁ ግን እየባሰበት ሄደ። መዳፉ ይብስ ነጣ። መቆም የጀመረው ልጅ መቀመጥ ወደደ፣ ከዚያ መደገፍ። ለቅሶው ሳይቀር ቀጠነ። መጠኑን ጨመርኩ፣ አመጣጠኑን ቀየርኩ፣ መጽሐፌን አገላበጥኩ። አንድ ጠዋት አስቴር ልጇን አቅፋ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። ልጁ በትኩሳት ይነዳል፣ ትንፋሹ እንደ ሯጭ ይቆራረጣል።

ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ አስቆምን። ሹፌሩ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ሰዉም ራሱ ወረደልን። መቱ ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ መዳፉን አይቶ ወዲያው ደም ያስፈልገዋል አለ። ተከትሎን የደረሰው ገመቹ ለደሙ ክንዱን ሰጠ። አስቴር ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ተቀመጪ ብላት አትሰማም። ገመቹ ክንዱ ላይ ጥጥ ይዞ ወጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሲስተር» አለኝ፣ «ያሉንን ሁሉ አድርገናል።»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሕፃን ታሞ አይቻለሁ፤ ያቺን ዓረፍተ ነገር ያህል የከበደኝ ነገር ግን የለም። ያልኩትን ሁሉ አድርገዋል፣ ልጁም እዚያ ተኝቷል። ታዲያ የተማርኩት ምንድን ነው?

ደሙ ገባለት፤ ልጁ ሲመሽ ዓይኑን ገለጠ። በማግስቱ እትዬ ጫልቱ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ወጥተው መቱ ልጃቸው ዘንድ ነበር የሚኖሩት። በቆሎ እየፈለፈሉ አገኘኋቸውና አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሁሉንም አወራሁላቸው፤ ያለቀስኩም ይመስለኛል። እጃቸው ከበቆሎው ሳይነሣ አዳመጡኝ።

«ማን ያበስላል?»

«አስቴር።»

«ማን ያጎርሳል?»

«አያቱ፣ አዴ ዲንቄ።»

«ትርፉን ማን ይበላል?»

እሱን ጠይቄ አላውቅም ነበር። እትዬ ጫልቱ በቆሎውን አስቀመጡ። «ልጁ ሲወጣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉ።

ሄድን። እኔ በቀጥታ ወደ ጓዳ ልገባ ስል እጄን ያዙኝና ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። አዴ ዲንቄ ወጥተው በኦሮምኛ ሰላምታ ረጅም ጊዜ ተለዋወጡ፤ ጤና፣ ከብት፣ ዝናብ፣ ቡና። ስለ ልጁ አንድም ቃል የለም። እኔ እቁነጠነጣለሁ። ከዚያ እትዬ ጫልቱ ግቢውን ቃኙና፣ «አዴ ዲንቄ፣ ዶሮዎችዎ ያማሩ ናቸው» አሉ።

እውነትም ያማሩ ነበሩ። ላባቸው ያብለጨልጫል፣ ደረታቸው እንደ ሹም ደረት ወጥቷል፤ አንዷ ለመራመድ እንኳን የሰነፈች ነበረች። እኔ ያን ያህል ጊዜ ተመላልሼ አላየኋቸውም።

«ዓይን እንዳይነካብኝ ብቻ!» አሉ አዴ ዲንቄ ደስ ብሏቸው። «እንቁላላቸው መያዣ አጣሁለት። ዘንድሮ ምን እንደነካቸው!»

«ምን ያበሏቸዋል?»

«ምን አበላቸዋለሁ፣ ከሚልኬሳ ዱቄት የሚወጣውን እብቅ ነው እንጂ።»

ልጮህ አፌን ስከፍት እትዬ ጫልቱ ጭኔን ቆነጠጡኝ። «የምን እብቅ ነው?» አሉ በለሆሳስ።

አዴ ዲንቄ ኩራት እየተሰማቸው ገብተው አመጡ፤ በነጠላ የተወጠረ ወንፊት። አስቴር ለፍታ ያመሰችውን፣ የከካችውን፣ ያስፈጨችውን ምጥን እሳቸው እንደገና ይነፉታል። ሸካራው የአተርና የቦሎቄ ዱቄት ከላይ ይቀራል፤ ነጩ የሩዝ ዱቄት ወደ ታች ይወርዳል። ነጩ ለሚልኬሳ፣ ቡናማው ለዶሮዎቹ። እኔ ለዶሮዎች ነበር የምመክረው!

«ሽሮፑስ?» አልኩ።

«ያ ቀይ ውሃ? እሱንስ ለዶሮም አልሰጠሁም። የልጁን አንጀት አጠቆረው። ደፋሁት።»

«ለምን ነጩን መረጡ፣ አዴ ዲንቄ?» አሉ እትዬ ጫልቱ። ሲጠይቁ የቁጣ ጥላ እንኳን የለባቸውም፤ ለማወቅ ብቻ ነው።

አዴ ዲንቄ ወንፊቱን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ሰው ምን ይለኛል?» አሉ መጀመሪያ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ገመቹን ያሳደግሁት በጎደሬ ነው። ጎደሬ በጠፋ ጊዜ ደግሞ በባዶ። ነጭ ነገር አጉርሼው አላውቅም። የሱን ልጅ እንኳን ላጉርሰው ብዬ ነው።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። እኔ ወር ሙሉ የተናገርኩት ለማታጎርሰው ሴት ነበር፤ የምታጎርሰዋን አንድ ቀን አላናገርኳትም።

እትዬ ጫልቱ ተነሡ። «ከነዚህ ከጎበዞቹ ዶሮዎች አንድ እንቁላል ይስጡኝ» አሉ። ጓዳ ገባን። ሩዙን ከነምጥኑ በወተት አገነፉት፤ ዱባ ቀቅለው ፈጩበት፤ እንቁላሉን ቀቅለው አስኳሉን አደቀቁበት። ከገበያ የመጣች ቁራሽ ጉበትም ነበረች፤ በስላ፣ ልማ፣ ከመሐል ገባች። ገንፎው ጥርት ያለ ቢጫ ሆነ። ከበላ በኋላ ብርቱካን ተጨምቆ ልጁ እንዲጠጣ አዘዙ፤ ብረቱን ሰውነት እንዲቀበለው ያግዛል። አዴ ዲንቄ አጎነበሱና አዩት።

«ቢጫ ሩዝ!» አሉ። «እንዲህ ያለ ሩዝ አለ እንዴ?»

«ሩዙ ያው ነው» አሉ እትዬ ጫልቱ። «ብቻውን ስለነበረ ነው። ጓደኛ አመጣንለት።»

«ሰው ሲጠይቀኝ ከውጭ አገር የመጣ ነው ልበል?»

«እኔ ጴንጤ ነኝ፣ አልዋሽም» አሉ እትዬ ጫልቱ። «እርስዎ ግን ዝም ማለት ይችላሉ።»

ሽሮፑ እንደገና ታዘዘ፤ የመጠቆሩን ነገር በዚህ ጊዜ ለአዴ ዲንቄ ራሳቸው፣ በኦሮምኛ፣ በደንብ አስረዳሁ። «ቶሌ» አሉኝ፤ እሺ ማለት ነው። እንዳሉትም አደረጉ። ዝም ማለቱን ብቻ ነው ያላደረጉት።

በሚቀጥለው ገበያ ሁሩሙ ስለ ቢጫ ሩዝ ነበር የሚያወራው። የገመቹ ልጅ ከሆስፒታል ወጥቶ ቢጫ ሩዝ እየበላ ነው፣ ከየት እንደመጣ አይነግሩም፣ ይደብቁናል። ሴቶቹ ሱቁን ወረሩት። «ቢጫውን አውጣ!» ይላሉ። ገመቹ ጓዳ ገብቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ነጩን ነው። ሸቀጡን ሁሉ አገላበጠ። መቱ ሄዶ አከፋፋዮቹን ጠየቀ። አንዱ አከፋፋይ «አለኝ» እንዳይል የለውም፣ «የለም» እንዳይል ገበያው ያመልጠዋል፤ ስልክ አዲስ አበባ ደወለ። አዲስ አበባም «እናጣራለን» አለ። ገመቹ ደክሞት ጤና ጣቢያ መጣ።

«ሲስተር፣ እርስዎ ሳይሰሙ አይቀሩም። ይሄ ቢጫ ሩዝ የት ነው ያለው?»

«እናትህ ጓዳ ነው ያለው፣ ገመቹ።»

ስነግረው መጀመሪያ ተናደደ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ነጋዴ ነውና አሰበ። በሳምንቱ ሱቁ ደጃፍ ላይ ከሩዙ ጎን የተከካ አተርና ቦሎቄ፣ እንቁላል በገለባ፣ ዱባ ተደረደረ። ሩዝ ለገዛች እናት አሠራሩን የምትነግረው አስቴር ናት። እኔ ለዓመታት ስጮህበት የኖርኩትን ትምህርት ያቺ ዓይናፋር ሴት ባንኮኒ ተደግፋ ታስተምር ጀመር።

ተሾመም አልተኛም። ባነር አሠርቶ፣ ሪፖርት ጽፎ ላከ፤ «በቢጫ ሩዝ የተገኘ ውጤት» ይላል። ከበላይ በኩል ደብዳቤ መጣለት። በሥራው ተደስተናል፣ የቢጫው ሩዝ ዘር ለሙከራ እንዲላክልን ይላል። ተሾመ ደብዳቤውን ይዞ ቢሮዬ ሲገባ ፊቱ እንደ ሩዙ ነጥቷል።

«ምን ልላክ?»

«ዶሮ ላክ» አልኩት።

ወራት አለፉ። የሚልኬሳ መዳፍ ቀላ፣ ጉንጩ ቀነስ አለ፣ እግሩ ጠና። ግቢውን በሩጫ አዳረሰው። አፈሩንም ጨርሶ ተወ። አንድ ቀን ላየው ስሄድ አዴ ዲንቄን በር ላይ አዝነው አገኘኋቸው።

«ምን ሆኑ፣ አዴ ዲንቄ?»

«ምን አድርጋችሁት ነው፣ ሲስተር? መሬቱን እኮ ተወው! እንዲያው ዞር ብሎም አያየው። እኔ ስንት አስቤለት።»

ከዚያ በኋላ በተደረገው የጤና ቀን ሚዛን ሳይሆን መዳፍ አየን። ያሸነፈችው የአንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ንቁ፣ የተሾመን ክራቫት ጎትታ ልታንቀው የነበረች።

የቀረውን ዘመኔን መቱ በሕፃናት ምግብ ክፍል ሠራሁ። እትዬ ጫልቱ አርፈዋል፤ የቡሬ ሰው በእግሩ መጥቶ ቀበራቸው። እኔም በተራዬ ወጣት ነርሶች ሲመደቡልኝ ትርፉን ማን እንደሚበላ እንዲጠይቁ አስተማርኩ። አንዳንዶቹ የአሮጊት ወሬ እንደመሰላቸው ዓይናቸው ላይ አይ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከልጄ ከፋጡማ ጋር የልጅ ልጄን ለክትባት ይዘን ሄድን። ሥራዬን ከለቀቅሁ በኋላ የመጡ ነርሶች ናቸው፣ ማንም አያውቀኝም። ተራችን ሲደርስ አንዲት ቀጭን፣ ፈጣን፣ ፀጉሯን በሻሽ ያሰረች ልጅ ሕፃኗን ተቀበለችን። መዘነች፣ ለካች፣ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ ቤት የምታበሏት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ዛሬ ምን በላች?»

ጠዋት ተቻኩለን ስለነበር እውነቱን ተናገርኩ። «ሩዝ።»

ልጅቷ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች። «እማማ፣ ይስሙኝ። ሩዝ ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። እናንተ የድሮ ሰዎች ነጭ ነገር ትወዳላችሁ፤ ልጅ ግን በነጭ ነገር ደም አይሠራም…» ብላ ጀመረች። ፋጡማ አፏን ከፍታ ማን እንደሆንኩ ልትነግራት ስትል ክንዷን ቆነጠጥኳት። ልጅቷ አተሩን አለች፣ እንቁላሉን አለች፣ ጉበቱን አለች፣ ብርቱካኑን እንኳን አልረሳችም። እኔ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝን በአንድ ትንፋሽ አለችው።

«ገባዎት፣ እማማ?»

«ገባኝ፣ ልጄ» አልኳት። «ብቻ ጆሮዬ ደከም ብሏል። የብረቱን ነገር እስቲ ድገሚልኝ።»

ደገመችልኝ። ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እንደማይሰማ ሰው ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብላ። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዙት እናቶችና አያቶች ወሬያቸውን አቁመው ሁሉም ሰሙ።